ውሻው እስከ ታሰረበት ድረስ

«አያትሽ እኮ አጥር ገፊ ነበሩ።»

ይህን ያሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ ናቸው። ያውም ፊት ለፊት፣ ያውም ልብስ ሳሰጣ፣ ያውም ከእሳቸው የተዋስኩትን የልብስ መቆንጠጫ በእጄ እንደያዝኩ!

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አያቱን የሚያውቅ ሰው የለም። ሁላችንም ያለን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ዓይኑን ያፈጠጠ አንድ ፎቶ ነው። የቀረውን አባቶቻችን ይሞሉታል፤ ሲሞሉት ደግሞ እጃቸው አይሰስትም። በአባዬ አፍ፣ አያቴ አቶ ጉደታ ላፍቶ ላይ ሲያርሱ ኖረው የሰው ሣር እንኳ ረግጠው አያውቁም።

ነገሩ ስድብ ብቻ ቢሆን በስድብ በመለስኩ፤ አፍ አላጣሁም። ግን ሐሙስ ቀያሾች መጥተው ለካርታ ግቢያችንን ሊለኩ ነው። እትዬ ሸዋዬ ደግሞ «አጥሩ ሁለት እርምጃ ወደ እናንተ ይመለስ» ባይ ናቸው። ሁለቱ እርምጃ ላይ ያለችው የእኔ ክፍል ናት። ከሦስት እህቶቼ ጋር እግርና ራስ ሆኜ ተኝቼ ካደግሁ በኋላ ያገኘኋት፣ የራሷ ቁልፍ ያላት ክፍል! አጥሩ ከተመለሰ አልጋዬን መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል። ራሴ እኛ ቤት፣ እግሬ እትዬ ሸዋዬ ቤት ሊያድሩ ነው...

የንጉሡ ዘመን የድንበር ወረቀት ቤተ መዛግብት እንደሚገኝ ወረዳ የምትሠራ ጓደኛዬ ነገረችኝ። ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ይዤ በረርኩ። ቤተ መዛግብት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በር ላይ ቦርሳችሁን ይቀበላሉ፣ እስክሪብቶአችሁን ይቀበላሉ፣ ከዚያ አንድ እርሳስ ይሰጧችኋል። ቀጥሎ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ተመራማሪ መሆናችሁን ይጠይቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በስንት ስለት የጨረስኩት እኔ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ» አልኩ።

«የጥናቱ ርዕስ?»

«የአጥር ታሪክ በላፍቶ።»

«ከየት እስከ የት?» ዘመኑን መጠየቁ ነበር።

«ከእኛ ግቢ እስከ እትዬ ሸዋዬ ግቢ።»

ቀና ብሎ አየኝና ከሚደግፈኝ ተቋም ደብዳቤ እንዳመጣ ነገረኝ። እኔን የሚደግፍ ተቋም ከየት ይምጣ? አሰብኩ፣ አሰብኩና የዕድራችን ሰብሳቢ ደጅ ሄጄ ቆምኩ። «ተመራማሪዋ ለቅሶ ቤት ወንበር በመደርደርና ድንኳን በመትከል የተመሰገነች በመሆኗ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት» ብሎ ጻፈልኝ። ክብ ማኅተምም አሳረፈበት።

በማግስቱ ደብዳቤዬን ይዤ ልወጣ ስል አባዬ ጠራኝ። ውሻችንን ቦቢን ወደ አጥሩ ትንሽ ጠጋ አድርጌ እንዳስረው፣ እዚህ ፀሐይ እንደመታው ነገረኝ። አባዬ ለውሻ አንጀቱ አይችልም። ጠጋ አደረግሁትና ሄድኩ።

ካፖርት ለባሹ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው። ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ፋይሉን ሊያመጣ ገባ። አቧራውን እፍ ብዬ ገና ልገልጥ ስል በሩ ተከፈተና ማን ቢገባ ጥሩ ነው? እትዬ ሸዋዬ! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በእጃቸው የዕድር ደብዳቤ። «ተመራማሪዋ በወጥ ሥራ የተመሰገኑ» ይላል። ለካ ሰብሳቢያችን በአንድ ቀን ሁለት ተመራማሪ አፍርቷል።

ፋይሉ አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን አስቀመጡን። እትዬ ሸዋዬ ቦርሳቸውን በር ላይ ሲያስረክቡ መነጽራቸውም አብሮ ቀርቷል።

«አንቺው አንብቢልኝ ሜቲዬ፤ ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ።»

የመጀመሪያው ወረቀት የሁለት አጥቢያ ዳኞች ቃል ነው። «የጉደታ ወሰን ከግራሩ ሥር ተነሥቶ ውሻው እስከ ታሰረበት ድረስ መሆኑን በዓይናችን አይተን ፈረምን።» ደረቴን ነፍቼ አነበብኩ። ገለጥኩ። የከርሞው ነው። «ዳግመኛ ወርደን ብናይ ውሻው ከአምናው ስፍራ ሁለት እርምጃ አልፎ ታስሮ አገኘነው። አጥሩም ውሻውን ተከትሏል...»

እዚህ ላይ ምላሴ ተጎተተ። መዝለል እችል ነበር እኮ፤ ሴትዮዋ መነጽር የላቸውም! እናንተ ብትሆኑ አትዘሉም? እኔ ግን ለሰው ሁሉ እውነቱን ፊቱ ላይ ስናገር የኖርኩ ነኝ፤ በአያቴ ላይ ስደርስ ዲዳ ልሁን? የተጻፈውን ሳልዘል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ የመጨረሻውን ገለጥኩ።

«ውሻውን ፈትተን ወደ ቀድሞው ስፍራ ለመመለስ ብንሞክር ሁለታችንንም ስለ ነከሰን፣ ወሰኑ ውሻው ባለበት እንዲጸና ተስማምተናል።» ሁለት ፊርማ። አንደኛው በግራ እጅ የተፈረመ ይመስላል።

ክፍሌ ተረፈች! አልጋዬ ሙሉ ለሙሉ፣ ከነእግሬ፣ እኛ ቤት ሊቀር ነው። ካፖርት ለባሹ ከጀርባችን ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ ግልባጩ ላይ ማኅተም እንደሚመታልን ነገረን።

እትዬ ሸዋዬ ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት።

«እንግዲህ መንግሥት ውሻው ባለበት ካለ፣ ባለበት ነው» አሉ በመጨረሻ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ተነሡ ስል ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ሜቲዬ፣ ቦቢን ዛሬ ጠዋት የት ነው ያሰርሽው?»

እርሳሱን መለስኩ፣ ቦርሳዬን ተቀበልኩና ወጣሁ።