ሊቀ ሶፍትዌር ማንያዘዋልና የበቅሎው ስልክ

«አለቀ» የሚል ቃል ሲሰማ የሚያመው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የሠራውን አይተው «በቃ፣ እንዲሁ ጥሩ ነው» ሲሉት እንደ ተሰደበ ፊቱ ይጠቁራል። ለደባርቅ የደረሳት ግን የእነዚህ ሁሉ አውራ ነው፤ ክቡር ኢንጂነር ማንያዘዋል። የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ስልክ ተቀባይ የሆነችው እየሩስ «ሊቀ ሶፍትዌር» የሚል ማዕረግ ሰጥታዋለች። እርግጥ በፊቱ አይደለም።

ለቱሪስት በቅሎና አብሳይ የሚያቀርበው ይህ ማኅበር ሰውየውን የቀጠረው ቸግሮት ነው። በ2005 ዓ.ም. ከአንድ ነጋዴ የገዛው የመጀመሪያው፣ ለደዋይ የሚመልስ የስልክ ማሽን አንዴ የሞሉትን ብቻ የሚናገር ግትር ነበር። ክረምት ገብቶ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ «መንገዱ ክፍት ነው» ይላል። የበቅሎ ኪራይ ሲጨምር የዱሮውን ዋጋ ይጠራል። የአምቢኮ መንደር ሰዎች ታቦታቸው በሚነግሥበት፣ በቅሎ በማይጫንበት ቀን «የአምቢኮ በቅሎዎች ተዘጋጅተው ይጠብቁዎታል» እያለ ፈረንጅ ይልክባቸዋል። ስለዚህ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ ነገር የሚሠራ ባለሙያ ተፈለገ፤ ማንያዘዋልም ላፕቶፑን አንግቶ ከጎንደር ከች አለ።

«ችግር የለም!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እኔ የምሠራው የጥሪ ማዕከል ሁሉ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ይዘምናል!»

ይቺ አነጋገር ምሳ ሰዓት ላይም አትለየውም። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትለው «ለጊዜው ሽሮ በይው» ይላታል። ሽሮው ሲመጣ ወደ ጥብስ ይዘምናል፤ ጥብሱ እሳት ላይ ሳለ ጾም መሆኑ ትዝ ይለውና እንደገና ወደ ሽሮ ይመለሳል። ጃኬቱ እጅጌው በዚፕ እየተፈታ ሰደርያ ይሆናል። «ለምን አታገባም?» ያሉት እንደሆነ «መስፈርቱ ገና እየተሻሻለ ነው» ብሎ ይመልሳል።

እየሩስ ይህን ሁሉ የምታየው ከጎኑ ተቀምጣ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ፣ ሥራ ፍለጋ ጫማዋን ጨርሳ ያገኘቻት እንጀራ ይቺ ስልክ ናት። ይቺ ከሄደች ዳባት ወንድሟ ቤት ተመልሳ የሚስቱን ፊት እያየች መኖር ነው። ማንያዘዋል ደግሞ ደግ ነገር የተናገረ እየመሰለው ጠዋት ጠዋት «ሲስተሙ ሲያልቅ አንቺ ታርፊያለሽ» ይላታል። ማረፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቅ ሲስተሙ እንዳያልቅ ለእመቤታችን ተሳለች።

ስለቷ ሰመረ። ማንያዘዋል ማዘመኑ ይበልጥ እንዲቀል ብሎ፣ ማንኛውም የኮሚቴ አባል በገዛ ሞባይሉ ደውሎ የሚፈልገውን ንግግር ማሽኑ ውስጥ እንዲጨምር ፈቀደ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ያርጋል ለሙከራ ሲደውሉ ማሽኑ «ለበቅሎ አንድን፣ ለምግብ አብሳይ ሁለትን ይጫኑ» አላቸው። ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አፈጠጡበት።

«ምን ያለ ባለጌ ነው ያመጣህብን?» አሉት። «ሰው ደጃችን ደርሶ፣ እንዴት አደርክ ሳይባል በቅሎ ይባላል? ሰው ምን ይለናል ልጄ?»

«ችግር የለም አባባ! አንቱው ራስዎ ይጨምሩበት። በአንድ ደቂቃ!»

ጨመሩበት። «እንዴት አደራችሁ? ደኅና ናችሁ ወይ? ልጆች ደኅና? ከብቱስ? አዝመራውስ እንዴት ይዟል?» የማኅበሩ ሽማግሌ አለቃ ገዱ ይህን ሰምተው ደስ ቢላቸውም አንድ ነገር ከነከናቸው፤ ጠይቆ መልሱን ሳይሰሙ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከየጥያቄው በኋላ ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ፣ ከዚያም «እግዚአብሔር ይመስገን» እንዲል አደረጉ። ሌላው የኮሚቴ አባል የዕለቱን ታቦት አስገባ። ሌላው ደግሞ ሐዘን ላይ ያለ ደዋይ እንዳይቀየም «እግዜር ያጽናችሁ» የሚል አከለ። ማንያዘዋል ጭማሪው ሁሉ ሳይንገራገጭ ሲገባ እያየ እየሩስን «አየሽ ሲተጣጠፍ!» ይላታል፤ ጥርሱ አይከደንም።

በአውራጃው እንዲህ ያለ ጨዋ ስልክ ታይቶ አይታወቅም። አንድ የኮሶዬ አዛውንት በቅሎም አብሳይም ሳያሻቸው እየደወሉ፣ «ከብቱስ?» ሲላቸው ስለታመመች ላማቸው ሲያጫውቱት ይውሉ ነበር። ላሟ የሞተች ዕለት ግን ማሽኑ እንደ ልማዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስላላቸው ዱላቸውን ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ። በስንት ልመና የመለሰቻቸው እየሩስ ናት።

ለማኅበሩ ቱሪስት የምትልከው የጎንደሯ መዓዛ ደግሞ አንድ ቀን በእየሩስ የግል ስልክ ደወለች። «እየሩስዬ፣ ማሽናችሁ ልጆች ደኅና ናቸው እያለኝ ካርዴ አለቀ! እኔ ልጅ የለኝም፤ የምፈልገው በቅሎ ነው!»

ማንያዘዋል ይህ ሲነገረው ጭራሽ ደስ አለው፤ ሌላ የሚዘምን ነገር ተገኘ። ከሰላምታው ሁሉ ፊት «የቸኮለ ዜሮን ይጫን» የሚል አስገባ። ዜሮን የተጫነ ሰው በቀጥታ የሚያገኘው እየሩስን ነው። ከዚያ ወዲያ ያልቸኮለ ደዋይ ጠፋ። ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ ዞሮ ዞሮ እሷው ጆሮ ላይ ሲያርፍ እየሩስ እየሣቀች ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለባለሱቁ ሁሉ አማችው። «ሰውየው እኮ እኔን ለመተካት ብዙ ደክሞ እኔኑ ሠራ!» እያለች።

በ2007 ዓ.ም. ከመስቀል ማግስት የማኅበሩ ጉባኤ ተጠራ። ሲስተሙን ሊገዙ ያሰቡ የዳባት ማኅበር ሰዎች በእንግድነት ከፊት ተቀምጠዋል። ማንያዘዋል አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የዳባቱ ሥራ ከተገኘ ስሙ ጎንደር ድረስ እንደሚጠራ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ ነበር። አቶ ያርጋል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ማሽኑ ሰላም ይላል፣ ይጠይቃል፣ በቅሎም ይመዘግባል። ታዲያ ለልጂቱ ደሞዝ መክፈል ምን ያደርጋል? ዜሮዋን አንሣልንና እሷን እናሰናብት። በአንድ ደቂቃ አይደል የሚዘምነው?»

እየሩስ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዜሮን ማንሣት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታውቃለች፤ ራሱ አሳይቷታል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፣ እሷን ነካ ማድረግ ብቻ ነው። ሰውየው ደግሞ «ቀይር» ተብሎ እንቢ ያለበት ቀን የለም። እንኳን የዳባት ሰዎች እያዩት!

ማንያዘዋል ላፕቶፑን ከፈተ። ብዙ አየው። ወደ በሩ ግን አላየም።

«አይቻልም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ዜሮው ከመሠረቱ ጋር የተገመደ ነው። እሱን ከነካሁት ሁሉም ይፈርሳል። እንደ አዲስ መሥራት ሊኖርብን ነው፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል።»

አለቃ ገዱ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። «ይተጣጠፋል፣ ይዘምናል ስትለን ከርመህ አንዲት ዜሮ አቃተችህ? ታዲያ ምኑን ተማርከው?»

አዳራሹ በሣቅ አውካካ። ከዳባት እንግዶች አንዱ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «ይህንንማ አንገዛም» ሲል ሁሉም ሰማው። ማንያዘዋልም ሰምቷል፤ ግንባሩ በላብ ተነከረ።

«ልክ ነዎት አለቃ» አለ ዝግ ብሎ። «አሠራሬ ጉድለት አለበት።»

እየሩስ ይህ ሰው ስለ ሥራው «ጉድለት» ሲል ሰምታ አታውቅም። እንባዋ ሳይታይባት ወጣች። ስብሰባው ተበትኖ ደጅ ላይ ሲያገኛት «ኢንጂነር፣ ያቺ ሳጥን እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አላት። አፍታም ሳይቆይ ፊቱ በራ። «ይልቅስ ዜሮን ሲጫኑ፣ አንቺ እስክታነሺ ድረስ ትንሽ መሰንቆ ብንጨምርበትስ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትጮህበት ነበር። «ጨምር» አለችው።

የደባርቅ ሰው ከዚያ ወዲህ «ዜሮ» የሚል ስም አወጣለት። ሻይ ቤት ሲገባ «ዜሮ መጣ!» ይሉታል፤ እሱም ምንም ሳይመስለው እጁን አንሥቶ ሰላም ይላቸዋል። እየሩስ ግን ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ባለሱቁን ሳይቀር በዚሁ ጉዳይ ተጣልታዋለች። ባለሱቁ ግራ ገብቶት «ለእኔ ያማሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ?» ቢላት «እኔ ልማው!» አለችው፤ «ደባርቅ ውስጥ እሱን ማማት የሚፈቀደው ለኔ ብቻ ነው።»