መርዶ ያልደረሰው እግር

የሌለው ነገር የሚያመው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የሰቆጣ ጎረቤቴ አያ ብሬ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ከተቀበረ ዓመት አልፎታል። እሳቸው ግን ዛሬም «አውራ ጣቴን በላኝ» እያሉ ባዶ አየር ያካሉ። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር «እግሬን ረገጥኸኝ» ብለው ሰው ያስነሳሉ።

አንድ ነርስ ብጠይቅ «የሚሰማው እኮ አንጎል ነው፤ የእሳቸው አንጎል እግሩ መሄዱን ገና አላወቀም» አለኝ። አላወቀም ማለት መርዶ የነገረው የለም ማለት አይደል? ይህን የመሰለ እውቀት ይዤ ዝም ልበል?

ሁለት ሽማግሌዎች አስከትዬ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ገባሁ። አያ ብሬ መደባቸው ላይ ተኝተዋል፤ ከግርጌያቸው ተቀመጥሁ።

«አያ ብሬ፣ ይጽናኑ። እግርዎ ዐርፏል።»

ጋቢያቸውን ተከናንበው ደህና አድርገው አለቀሱ። እኛም አገዝናቸው። ተሳካልኝ ስል ቀና አሉ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። አሁን ግን ተነሳልኝ፤ ከገባህ ጀምሮ የተቀመጥኸው እሱ ላይ ነው።»

እየሳቅሁ ተነሳሁ። ያን ጊዜ ከሥሬ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲሰበሰብ ተሰማኝ።

እስቲ ለእኔ አንጎል ደግሞ መርዶውን ማን ይንገርልኝ?