የፏፏቴው ውሃና የአማቴ ሆድ

ባሕር ማዶ ደርሶ የሚመለስ ሰው ቤተሰቡ እሱን የሚቀበለው ይመስለዋል። ሞኝ ነው። የሚቀበሉት ሻንጣውን ነው። እሱን የሚያቅፉት ሻንጣው እስኪከፈት ጊዜ ለማሳለፍ ያህል ነው። «ከሳህ፣ ጠቆርህ» ይሉታል፤ ዓይናቸው ግን ዚፑ ላይ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከህንድ ስመለስ ነው፤ ያውም ሻንጣዬ ውስጥ ከቆሻሻ ልብስ ሌላ የነበረው ቁም ነገር አንድ ጠርሙስ ውሃ ሆኖ።

ህንድ ምን ወሰደህ ትሉኝ ይሆናል። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ ግን ደሴ ነው። ጊዜው ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት የቀረው፣ በየስብሰባው «የቴክኖሎጂ ሽግግር» የሚባልበት ጊዜ ነበር። ፋብሪካችን ከህንድ አዳዲስ ማሽኖች ሲያስመጣ ቴክኖሎጂውን የሚያሸጋግር ሰው ተፈለገና ዕድሉ እኔ ላይ ወደቀ። ሄድኩ፣ ተማርኩ፣ እንደ አቅሜም አሸጋገርኩ። ይህን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ደሴ ውስጥ የተጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እውነት እንደ ፊልሙ ዛፍ ለዛፍ እየተሯሯጡ ይዘፍናሉ ወይ? ዛፉንስ አይቼዋለሁ። የሚዘፍንበት ሰው ነው ያጣሁት።

ዛፉን ያሳየኝ አሠልጣኜ ነው። ፕራካሽ ይባላል፤ ረጋ ያለ መሐንዲስ ነው። የተወለደበት አገር ደን ብቻ ነው አሉ፤ እሱን ሳታይ አትሄድም ብሎ አንድ እሑድ ይዞኝ ወጣ። መንገዱ እየጠበበ፣ ዛፉ እየተደረበ ሄዶ ሄዶ ፀሐይ ጨርሳ ጠፋች። በመጨረሻ ከገደል አናት ነጭ ሆኖ የሚወርድ ፏፏቴ ዘንድ ደረስን። ከፏፏቴው ጎን መብራት የሚያበሩበት ዋሻ አለ፤ እሱ መቅደሳቸው ነው። በዙሪያው ካለው ደን ደግሞ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ማንም ደረቅ ጭራሮ እንኳን ሰብሮ አያውቅም። ፕራካሽ ይህን ቀስ ብሎ፣ በእጁም ጭምር አስረዳኝና እስክገረም ቆሞ ጠበቀ።

አልተገረምኩም። እኔ እኮ የወሎ ልጅ ነኝ። በተራቆተ ተራራ ላይ አንድ ላይ ተሰብስበው የቆሙ ትልልቅ ዛፎች ካየሁ፣ ከሥራቸው ወይ ቤተ ክርስቲያን ወይ የሼህ መቃብር እንዳለ ለማወቅ ማንንም አልጠይቅም። ስለዚህ ሳይነግሩኝ ጫማዬን አወለቅሁ። የተገረመው ፕራካሽ ሆነ። እኔም የአገሬን ስም በማስጠራቴ ኮራ ብዬ ወደ ዋሻው ስገባ፣ አንዲት ጦጣ አንዱን እግር ጫማዬን ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። ድንጋይ ልወረውር ብል ዛፉ የተቀደሰ ነው፤ አይወረወርበትም። ጦጣዋም ይህን የምታውቅ ትመስላለች። ቢያንስ ለማስረጃ ብዬ እሷንና ጫማዬን ፎቶ ሳነሳ የካሜራዬ ፊልም አለቀ፤ ፏፏቴው ሳይነሳ ቀረ።

ታዲያ ደሴ ገብቼ ምን ላሳይ? ቅጠል ልቀጥፍ እጄን ስዘረጋ ፕራካሽ እጄን ያዘኝ። ከዚህ ደን ምንም ነገር አይወጣም አለ። ውሃውስ አልኩት። ሳቀና፣ ውሃው ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱ ስለሚወጣ የፈለግሁትን ያህል ልወስድ እንደምችል ነገረኝ። የላስቲክ ጠርሙሴን ሞላሁ። በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ፣ ፏፏቴውን በብብቴ ሸጉጬ ወደ ማደሪያዬ ተመለስኩ።

ቤት እንደገባሁ ጠርሙሱን ቡፌው ላይ፣ ማንም ከማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች አጠገብ አቆምኩት። ባለቤቴ መሠረት ምንድነው ስትለኝ፣ ከተቀደሰ ቦታ የመጣ ነውና እንዳይነካ አልኳት። መንገድ አድክሞኝ ስለነበር ከዚህ በላይ አላብራራሁም። ከማግስቱ ጀምሮ እንደ ድሮዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ማሽኖቼ እየወረድኩ ማታ ማታ እመለስ ጀመር።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ ጠርሙሱን አየሁት። ጎድሏል። መሠረት እኔ አልነካሁም ብላ ማለች። ግን እናቷና እትዬ ዘይነባ ቡፌው ፊት ቆመው ሲንሾካሾኩ አይታለች። አማቴ እማማ ዘርፌ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ያልደረሱበት ጸበል የለም። እትዬ ዘይነባ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤት፣ የእማማ ዘርፌ የልብ ወዳጅ ናቸው። መሠረት እንደሰማችው አንዷ «ጸበል ነው፣ ከኢየሩሳሌም» ሲሉ፣ ሌላዋ «ዘምዘም ነው፣ ከመካ» ይሉ ነበር።

ደነገጥኩ። ደሴ ውስጥ በአውሮፕላን የመጣ ውሃ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ህንድን ማን ያስባታል? እኛ ዘንድ መቼም ሰርግ ሲደገስ የክርስቲያኑ በሬ ለብቻ፣ የሙስሊሙ በሬ ለብቻ ይታረዳል። ተሳስቶ የሌላውን ሥጋ የቀመሰ የለም። ለውሃ ግን ማን ቢላዋ ያነሣለታል? ሁለቱ አሮጊቶች የጦጣ መንጋ የሚዋኝበትን ጥሬ ውሃ፣ ያውም ከሌላ ሃይማኖት መቅደስ የተቀዳውን፣ በየእምነታቸው አማትበውና ቢስሚላህ ብለው እየተጎነጩት ነው ማለት ነው። እማማ ዘርፌ ቢታመሙስ? ደግሞስ ምን እንደጠጡ ቢያውቁ ለንስሐ አባታቸው ምን ብለው ሊናገሩ ነው? እኔስ በየትኛው ፊቴ ነው የሚስቴን ቤተሰብ የማየው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአማቴን ሆድ መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ሚኒባሱ የኮምቦልቻን ዳገት ሲጠማዘዝ እኔ በሐሳብ ሐኪም ቤት ነኝ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ? ሆድዎ ደህና ነው?» እላለሁ። የሚያስገርመው እሳቸውም መልሰው የእኔን ይጠይቁኛል። እንቅልፍ ወሰደህ ወይ? ሆድህ አልጮኸም ወይ? የቁርሴን ውሃ እንኳን በገዛ እጃቸው ቀድተው፣ እስክጨርስ ከአጠገቤ አይነሱም። ከመሠረት ጋር ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ተንከባክበውኝ አያውቁም። ውጭ አገር ደርሶ መምጣት ክብር ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው አልኩ። እትዬ ዘይነባም በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ጤናዬን ይጠይቃሉ።

ጠርሙሱን ከቡፌው ላይ እንዳላነሣው፣ ለምን ቢሉኝ እውነቱን መናገሬ ነው። እሱ ግን በየቀኑ ይጎድላል። አንድ ቀን እማማ ዘርፌ ሰኞ ገበያ ድረስ በእግራቸው ወርደው ጎመን ተሸክመው ሲመለሱ ነፍሴ መለስ አለች። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ገና ሳይመሽ ተኝተው ሳገኛቸው ደግሞ ነፍሴ ወጣች። ለካ ጎመኑ ነው ያደከማቸው።

በመጨረሻ አልቻልኩም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱም ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና፣ በመሥሪያ ቤታችን ግምገማ ላይ እንኳን አድርጌው የማላውቀውን ግለ ሂስ ጀመርኩ። ውሃው ከኢየሩሳሌምም ከመካም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ደኑን፣ ፏፏቴውን፣ ዋሻውን፣ ጦጣዋን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

እማማ ዘርፌ፣ ሰዎቹ ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያወልቃሉ አልኩ። ዛፉንስ አይቆርጡም? አይቆርጡም አልኩ። እትዬ ዘይነባ፣ ወላሂ ደህና ሰዎች ናቸው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልቤ ቀለል አለኝና፣ የሚሰማቸው ሕመም ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንድንሄድ ለመንኳቸው።

ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ።

«እኛ መች ጠጣነው?» አሉ እማማ ዘርፌ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ እንዴት ልንገራችሁ? የተሸከምኩት ሁሉ ከትከሻዬ ወረደ። የሁለቱንም ጉልበት ልስም ጎንበስ ብዬ ነበር። እንደ ጎነበስኩ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ታዲያ ጠርሙሱን ማን አጎደለው?

«አንተ ነሃ» አሉ እማማ ዘርፌ። «የእኔ ይሁን የእሷ ሳናውቅ ብንጠጣው ከሁለት አንዳችን መሳሳታችን አይቀርም። አንተ ግን የማንም ይሁን የማን አውቀህ ነው ያመጣኸው። ሆድህን የሚያውክህም እንደሆነ እንይ ብለን፣ በየጠዋቱ ብርጭቆህ ውስጥ ጠብ አደረግንልህ።»

«አብሽር፣ ይኸው ደህና ነህ» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ደህና ከሰነበትክ ዛሬ እኛም ልንጀምረው ነበር።»

ለመሆኑ አፍልታችሁታል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እማማ ዘርፌ ተቆጡ። ጸበል ይፈላል እንዴ? ዘምዘምስ?

ሳምንቱን ሙሉ ጭጭ ብሎ የከረመው ሆዴ፣ ይህን እንደሰማ ረዥም ጩኸት ጮኸ። ሦስታችንም አዳመጥነው።

«ተመስገን» አሉ እማማ ዘርፌ እያማተቡ፣ «እንኳን አልጠጣነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ዘይነባ።