የልጅ ልጄ የተወለደችው አርብ ነው ወይስ ቅዳሜ?

ባላችሁ ጡረታ ወጥቶ ድራፍት ቤት ዋለ ብላችሁ የምታማርሩ እህቶቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ይዋል። ድራፍት የጠጣ ሰው ቢበዛ ይዘፍናል፣ ከዚያ ይተኛል። የእኔው አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ካርታም አይነካም። የእኔው መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናል።

ታዲያ ይሄ ምን ይከፋል ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እሰይ ብዬ ነበር። አቶ ተክሌ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ ያለውን እንቁላል በቀን በቀን መደርደር ጀምሮ ነበር። የፊተኛው ፊት ይበላ ይለኛል። ስለዚህ አንድ ቀን ልጃችን ማርታ በገዛችለት ታብሌት ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምር ነገር ከፍቶ ሳየው፣ ተመስገን፣ ሰውዬው ወደ ነፍሱ ዞረ አልኩ። ለካ የዞረው ወደ ጉድጓድ ነው።

ትምህርቱ ስለ ጸሎት አይደለም። ስለ ጾምም አይደለም። አፈር ስለሚቆፍሩ ፈረንጆች ነው። ብሩሽ ይዘው የጥንት ከተማ ይጠርጋሉ። ስባሪ ሸክላ ያገኙና ይሄ የእገሌ ንጉሥ ዘመን ነው፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ የአያቱ ነው ይላሉ። አቶ ተክሌ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያያል። እኔ ይሄን ቤት ስንት ዓመት ስጠርግ አንድ ቀን እንደዚያ ተመስጦ አይቶኝ አያውቅም።

ቤት ውስጥ ቢቀር ምን ነበረበት? አይቀርም። ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ይህ ሰው ሲሞት ቤቱ እንደ ኢያሪኮ ግንብ ፈረሰ አሉ። ለቅሶ ላይ የሚባል ነው፣ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። የእኔው ጉድ ጉሮሮውን ጠረገና፣ የትኛው ግንብ ብሎ አይጠይቅ መሰላችሁ! ቆፋሪዎቹ እኮ በግንቡ ዘመን ገና አልተስማሙም አለ። ባሏ የሞተባት ሴት ለቅሶዋን አቁማ ቀና ብላ አየችው። እኔ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ያለቀስኩት ለሟች መስሏቸው አጽናኑኝ።

ገና ላይ ደግሞ ሌላ አመጣ። ጌታ የተወለደበት ቤት እኛ እንደምናስበው ከሰው የራቀ በረት ላይሆን ይችላል አለ። የዚያ አገር ቤት ሲቆፈር፣ ከብቱ ማታ ማታ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድር እንደነበር ታውቋል፣ ግርግሙም እዚያው ቤት ውስጥ ነው አለ። ይሄን የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምሥጢር እንደሚያወጣ ሰው ነው። ከኮንዶሚኒየማችን ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ዘይነባ ለእንኳን አደረሳችሁ መጥታ ተቀምጣለች። በመገረም አየችው። እንዴ ጋሽ ተክሌ፣ ለዚህ ነው የሚቆፍሩት? እኔ ጉራጌ አገር እናቴ ቤት ሳድግ ላሟ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ስታመነዥክ እየሰማሁ ነው የምተኛው አለችው። አቶ ተክሌ ደብተሩን አወጣ። የላሟንም ስም ጠየቃት።

ከሁሉም ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከመኝታ ቤት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወጣ። ምነው፣ ማን ሞተ አልኩ። ብርቄ፣ አይሁድ ድሮ የጻፉት አንድ መጽሐፍ አለ፣ እነሱ ዘንድ ጠፍቶ ቁርጥራጩ ብቻ ነው ዋሻ ውስጥ የተገኘው፣ ሙሉውን ያቆየው አንድ ሕዝብ ብቻ ነው፣ ማን ይመስልሻል አለኝ። ማን አልኩት። እኛ! በግዕዝ! ብሎ ግድግዳውን መታ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። እሰይ፣ ልደታ ማርያም በእግር አምስት ደቂቃ ነው፣ ሂድና የንስሐ አባታችንን መምሬ ኪዳኑን ጠይቃቸው፣ እሳቸው ግዕዙን እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት አልኩት። አይ፣ መጀመሪያ ምንጩን ማየት አለብኝ ብሎ እንግሊዝኛውን ሊፈልግ ተመልሶ ገባ። ይታያችሁ! ፈረንጅ ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን፣ የእኔ ባል በመዝገበ ቃላት ወደ አማርኛ ይመልሳል። ግዕዙ መንገድ ማዶ ተቀምጧል።

ከዚያ በየምሳው ሰዓት ይተነትንልኝ ጀመር። አዳም በአርባ ቀኑ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ የሚለው እዚያ መጽሐፍ ላይ ነው፣ እኛም ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና የምናስነሣው ለዚህ ነው ይለኛል። ይሄን እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነው የሰማሁት። ወጡን እጨምርለታለሁ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ማርታ ባትወልድ።

ስድስት ዓመት ነው የለመንነው። ያልተሳልኩበት ታቦት የለም። እግዜር ይመስገን፣ አንድ አርብ ቀን ሴት ልጅ ወለደች። እኔ አጥሚት ላዘጋጅ ወደ ቤት ሮጫለሁ፣ አቶ ተክሌ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። ስመለስ ልጅቷ ተጠቅልላ እናቷ ደረት ላይ ናት። እንደዚያን ቀን ያለቀስኩበት ጊዜ የለም። ማርታም ለአራስነቷ እኛ ቤት ገባች።

ሰማንያኛው ቀን እሁድ ላይ ዋለ። ከዚህ ወዲያ ምን ደስታ አለ? እሁድ ሰው ሁሉ ያርፋል። ማርታ እትዬ የምትላቸው አማቷ ከቡታጅራ ሊመጡ ነው። ወገባቸውን ታመው ከአልጋ ከወረዱ ወር አልሞላቸውም፤ የልጄን ልጅ ክርስትና ሳላይ አልሞትም ብለው፣ ዘመድ በሚኒባስ አስተኝቶ ሊያመጣቸው ተስማማ። በዚያው ቀን ይመለሳሉ፣ ምክንያቱም ሰኞ ሐኪማቸው ዘንድ ቀጠሮ አላቸው። ድንኳን ተነገረ። በግ ታሰረ። ሁሉም ነገር ባለቀበት ረቡዕ ዕለት፣ አቶ ተክሌ ጉርሻውን እያላመጠ፣ ብርቄ እሁድ አይሆንም እኮ አለኝ።

ምን ማለት ነው አልኩ።

ልጅቷ የተወለደችው አርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ጥንት ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትገባ ነው፣ ፍጥረት ሲቆጠር እንኳ ማታው ከጠዋቱ ይቀድማል፤ ስለዚህ ልጅቷ የቅዳሜ ልጅ ናት፤ ከቅዳሜ ስትቆጥሪ ሰማንያው ሰኞ ነው፤ እሁድ ብናስነሣት በሰባ ዘጠኝ ቀኗ ሊሆን ነው አለ። አንድ ቀን የጎደለበት መዝገብ ያገኘ ይመስል ፊቱ ያበራል። ማርታ ከአልጋዋ ሆና ሰማች። አባዬ በማርያም አለችው። ማርያምንማ ነው የምናከብረው፣ እሷም ብትሆን ሥርዓቱን አሟልታ ነው ቤተ መቅደስ የገባችው አላት። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አማቷ ሰኞ እንደማይቆዩ ታውቃለች። ሁለተኛ ይህን መንገድ እንደማይችሉትም ታውቃለች።

እኔ ልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጠብ ስሰማ ነው የምውለው። ባሌን ለመክሰስ ግን እንደዚያን ቀን እጄን በልቶኝ አያውቅም። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ መምሬ ኪዳኑ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ፣ ይህን ሰው ይገሥጹልኝ፣ ልጄን ሊያስለቅሳት ነው፣ አማቶቻችንን ሊያሳዝን ነው ብዬ ሁሉን ዘረገፍኩ። መምሬ ረጋ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ልጅቷ ስንት ሰዓት ተወለደች አሉ። ከምሽቱ አንድ ተኩል ነው የሚለው አልኩ። ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ እሱማ እውነቱን ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ማታውን ለነገ ነው የምትቆጥረው አሉኝ።

እዚያው ቁጭ ልል ነበር። አንድ እብድ ላስገሥጽ ሄጄ ሁለተኛ ጨምሬ ተመለስኩ!

ባሰ። ማምሻውን መምሬ እቤታችን መጡ። የልደት ወረቀቷን ካላየሁ ብለው ነው። አቶ ተክሌ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ዓመት ሙሉ ሲናገር ሰው ሁሉ ሲሸሸው፣ አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ መጣለት። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ሐኪሙ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፈው፣ ቁጥሩ ግን አምስት ይሁን ሰባት እንኳን ሰው፣ መልአክም አይለየውም። ሰባት ከሆነ ምሽት ነው፣ የቅዳሜ ልጅ ናት። አምስት ከሆነ ፀሐይ አለች፣ የአርብ ልጅ ናት። መምሬ የስልካቸውን መብራት አበሩ። አቶ ተክሌ የመርፌ ሥራ መነጽሬን አምጥቶ አናቱ ላይ ያለችው ሰረዝ የሰባት ናት አለ። መምሬ ሆዱ ጎበጥ ብሏል፣ አምስት ይመስላል አሉ። ሦስት ሺህ ዓመት የቆየ ድንጋይ ሲያነብ የዋለ ሰው ሰማንያ ቀን ያልሞላውን ወረቀት ማንበብ አቃተው! ማርታ መጋረጃው ጋ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። እናንተ ሰዎች፣ ወረቀቱ ሲያከራክር ምስክር አይጠራም ወይ አልኩ። ይህቺን ልጅ ስትወለድ ያየ አንድ ሰው እዚህ ቤት የለም? ሁለቱም ዞሩ። እውነቴን ነው፣ እሷ መኖሯ ትዝ ያላቸው ያኔ ነው። ማርታን እጇን ይዤ አመጣኋት። ልጄ፣ ስትወልጂ ፀሐይ ነበረች፣ አይደል አልኳት። መልሱን አብሮ የሚያጎርስ መሪ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት የሠራው ባሌ ግን አልተቃወመም።

ማርታ አባቷን አየችው፣ መምሬን አየች። አዎ፣ በመስኮቱ ገብታ ትራሴ ላይ ነበረች አለች።

ታዲያ ለእኔ ለምን አንድ ተኩል ላይ ነገሩኝ አለ አቶ ተክሌ። አባዬ፣ ነርሷ ስንት ጊዜ ወጥታ ጠርታሃለች፣ ጆሮህ ላይ ያ የቁፋሮ ትምህርትህ ነበር አለችው። ባሌ አንገቱ ድረስ ቀላ። ጆሮው ላይ እንደነበረ እኔም አውቃለሁ፣ አጥሚቱን ይዤ ስመለስ እንኳ አልሰማኝም። ወደ ሕፃኗ ዝቅ ብሎ፣ ይቅር በዪኝ እናቴ አላት። ልቤ ትንሽ ራራ፣ አልዋሽም። መምሬም የዓይን ምስክር ካለ ምን እንከራከራለን፣ እሁድ ነው ብለው ባረኩንና ሄዱ።

እሁድ የልጅ ልጄ ክርስትና ተነሣች። የማርታ አማት ትራስ ተደግፈው አቅፈዋት ሲያለቅሱ፣ እንግዳው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ወጥ ላወጣ ጓዳ ስገባ ማርታ ከኋላዬ መጣች። በጆሮዬ፣ እማዬ፣ ስለዚያች ፀሐይ አለችኝ። እ? አልኳት። እንጃ እማዬ፣ ፀሐይ ትሁን የክፍሉ መብራት፣ ዓይኔንም የገለጥኩ አይመስለኝም፤ ግን እትዬ ሰኞ አይቆዩልኝም ነበር አለችኝ።

ጭልፋውን ይዤ ቀረሁ። ከሳሎን የአቶ ተክሌ ድምፅ ተሰማ። እንግዶቹን ጸጥ አሰኝቶ ቆሟል። ወገኖቼ፣ ዓመት ሙሉ የጥንቱን ጽሑፍ መርምሬያለሁ፣ ድንጋዩንም ሸክላውንም አይቻለሁ፤ ነገር ግን አንድም ቀን እዚያው የነበረ፣ በዓይኑ ያየ፣ ለመዋሸት ምንም ምክንያት የሌለው ምስክር አላገኘሁም ነበር፤ እግዚአብሔር ቤቴ ውስጥ ሰጠኝ፣ ልጄ ናት አለ። ሰው አጨበጨበ። መምሬም አጨበጨቡ። ማርታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ እንግዶቹ አፍራ ነው አሉ።

እኔስ? ምን ላድርግ? ጭልፋዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ እልል አልኩ።