የኪስ ካሜራዬና የቀወቱ ሰርግ

ሰው ፎቶ ሲነሣ ለምን ትንፋሹን እንደሚይዝ ዛሬም አይገባኝም። አሁን ሲስቅ የነበረ ሰውዬ ካሜራ ሲያይ ግንባሩን ቋጥሮ፣ እጁን ጭኑ ላይ ለጥፎ፣ እንደ ተከሳሽ ይቆማል። ምን ሆነ? ማን ከሰሰው?

ይህን የታዘብኩት በጣሊያን ጊዜ ነው፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት። ያኔ በጥጥ ንግድ ደሴ እመላለስ ነበር። መንገድ ሥራው ላይ የነበረ አንድ ጣሊያን መካኒክ ወባ ጣለውና በበቅሎዬ ጭኜ ሐኪም ቤት አደረስኩት። ድኖ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሊሰናበተኝ መጣ፤ ከኪሱ አንዲት ጥቁር ሳጥን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። ስትታጠፍ መዳፍ ታህላለች፤ ስትከፈት አፍንጫዋን ታወጣለች። ካሜራ ናት። ጣሊያን ሁሉ ክፉ ነው የሚል ሰው እሱን አላወቀውም። ደግ ነው የሚለውም ቢሆን፣ ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ካሜራዋ ከኪሴ አልወጣችም። ጥጥ ልገዛ ወጥቼ ማማው ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ከማሽላው የሚያባርር ገበሬ ሳነሣ እውላለሁ። የሮቢ ወንዝ ሲሞላ አነሣሁ። ገበያ የመጣ አንድ አፋር ላንሣህ ስለው፣ መጀመሪያ ግመሌን አለኝ። ግመሏ ከሰው ሁሉ ተሽላ ቆመች፤ ትንፋሿንም አልያዘች። ፊልሙ ሲያልቅ ደሴ ያለ አንድ አርመን ያጥብልኛል። ፎቶዎቹን ይዤ ስመለስ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ራሱን አይቶ የማያውቅ ሰው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ “ይሄ እኔ ነኝ? ወላሂ፣ አባቴን መስያለሁ እኮ!” ይላል። እሱን ለመስማት ስንት ጥጥ አለፈኝ መሰላችሁ። ባለቤቴ ዘይነብማ፣ ጥጥ ልትገዛ ሄደህ ወፍ ይዘህ ትመጣለህ እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ቀወት ሰርግ ተጠራን። ሙሽራዋ የዘይነብ አክስት ልጅ ናት። የሙሽራዋ ወንድም ሰይድ ደግሞ ዱር የገባ አርበኛ ነው። ጣሊያኖች ስሙን እንጂ መልኩን አያውቁም። ታዲያ እህቱን ሳይመርቅ ሊቀር ነው? ከተራራው ወርዶ መጣ። ሁሉም አየው፣ ሁሉም አላየሁም አለ። እኔም ቤተ ዘመዱን አሰልፌ አነሣሁ፤ የዘይነብ እናት እማ ፋጡማ መሐል፣ ሰይድ ከጎናቸው።

ፊልሙ ገና አላለቀም ነበርና ደሴ ሳልወስደው ክረምት ገባ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እማ ፋጡማን ወባ ወሰደቻቸው። ከዚያ በቀር ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ዘይነብ መቀለዷን ተወች። ካሜራዋን ከልብሷ መሐል ጠቅልላ አስቀመጠችና፣ ደሴ መቼ ነው የምትሄደው እያለች ትጠይቀኝ ጀመር።

ልሄድ ስሰናዳ የጣሊያኖቹ ጣቢያ አዛዥ ከወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር ደጄ ቆመ። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም።

“የቀወቱን ሰርግ አንሥተሃል አሉ” አለ አስተርጓሚው። “ፊልሙን ጌታው ራሳቸው ያሳጥቡልሃል።”

አቤት ቸርነት! የለም ብል ቤቱን ይበረብራሉ። አለ ብል ሰይድ አለቀለት፤ ከጎኑ የቆመው ዘመድ ሁሉ አብሮት።

ዘይነብ፣ “አሁን አመጣለሁ፣ ጌታው ይቀመጡ” ብላ ገባች። ስትወጣ ካሜራዋን ይዛለች። በዚያ የቀትር ፀሐይ መሐል ግቢው ላይ ቆመች። ክዳኑ ተከፍቷል፤ ፊልሙ ተጎልጉሎ እንደ መቀነት መሬት ይጎተታል። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች።

“አቧራ ለብሶ ነበር። ለእንግዳ እንዲህ አይሰጥም ብዬ ነው።”

ጣሊያኑ ራሱን ይዞ ጮኸ። አስተርጓሚው ወደ ዘይነብ ዞረ።

“ምን... ምን አደረግሽ? ይላሉ።”

“ጠረግኩላቸው በላቸው።”

ፊልም ፀሐይ ካየ ምስሉ ሁሉ እንደሚጠፋ የነገርኳት እኔው ነኝ። ፊልም ስቀይር ጋቢ የምትከልልልኝ እሷ ናት። አዛዡ ግን የገጠር ሴት ይህን ታውቃለች ብሎ ከየት ይጠርጥር? እሷን ትቶ እኔን አሰረኝ። ካሜራዋን ወሰደ፣ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ አስፈለጠኝ፣ ሲሰለቸው ለቀቀኝ።

ቤት ስገባ ዘይነብ ውሃ አሙቃ የቆሰለ እጄን ታጥብልኝ ጀመር።

“እናትሽ እኮ ነበሩበት” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች ማጠቧን ሳታቋርጥ። “እማዬ ሞታለች። ሰይድ አልሞተም።”

ስለዚህ ነገር ሌላ አልተነጋገርንም። አልፎ አልፎ ብቻ፣ “እማዬ ስትስቅ ፊቷ እንዴት ነበር የሚሆነው?” ትለኛለች። ልነግራት እጀምርና ይጠፋኛል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሰይድ ጎፈሬውን አጎፍሮ መጣ። ሊያመሰግነን ነው ስንል፣ ገና ሳይቀመጥ፣ “የሰርጉ ፎቶዬስ?” አይለን መሰላችሁ! ዘይነብ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችው። አርበኛው አንገቱን ደፋ። ቁጭ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

“እማ ፋጡማ እኮ ያን ቀን ሲያስቁኝ ነበር” አለ። “አረንጓዴ ሻሽ አስረው፣ ሻሹ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ። ጠመንጃህን ከኋላህ ደብቀው፣ ሙሽራው ሰርጉን ጥሎ ይሸሻል አሉኝ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ እስኪያቀርር ይስቃል።”

ዘይነብ እያለቀሰች ሳቀች።

“ድገመው” አለችው።

ደገመላት።

እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር እኮ! ሻሹን አላየሁም። ሳቁን አልሰማሁም። ያየሁት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። ቅናት ቢጤ ቆነጠጠኝ መሰል፣

“እሺ ሰይድ፣ እኔስ ያን ቀን ምን እመስል ነበር?” አልኩት።

ትንሽ አሰበ።

“አንተንማ ማን አየህ፣ ሙሄ? ፊትህን በዚያች ሳጥን ሸፍነህ ዋልክ።”