ክብደቴን አትንጠቁኝ

ወዳጄ፣ ጂንካ ውስጥ አሮጊት ከሮጠች ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ረስቼው ነበር። እንዴት አልረሳ? ዕድሜዬን ስዊድን ጨርሼ መመለሴ እኮ ነው።

የመጣሁት በአባቴ ቤት ብቻዬን ልኖር ነው። ቁልፉ ግን የወንድሜ ልጅ ዳዊት ኪስ ውስጥ ነው። ዳዊት የቢሮ ሰው ነው፤ "ሪስክ አለው፣ አክስቴ" ይላል። እኔን ጓሮው ካለችው ክፍል አስገብቶ ቤቱን ሊያከራይ ነው እንጂ ምን ሪስክ አለው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ስንጨቃጨቅ ሰንብተን ተወራረድን። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጀሪካን ውሃ ከቦኖው እስከ ቤቱ ከተሸከምኩ ቁልፉን ይሰጠኛል። ካቃተኝ ጓሮው ቤቴ ነው።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስለ እርጅና የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ፤ የሚጽፉት ሁሉ ወጣቶች ናቸው። ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ክብደት ብቻ ልብን ያሰንፋል፣ ሩጫ ብቻ ጡንቻን ያቀልጣል። ስለዚህ ሳምንቴን ከፋፈልኩት። ሰኞና ሐሙስ ክብደት፣ ማክሰኞና ዓርብ ሩጫ፣ ረቡዕ እረፍት። ቅዳሜ ገበያው ራሱ ስፖርት ነው። እሁድ ቅዳሴ መቆም አለ፤ እሱን እግሬ ያውቀዋል።

ሰኞ ጂም ገባሁ። ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ክብደቶቹ ሲሚንቶ የተሞሉ የወተት ጣሳዎች ናቸው። አንዱን ገና ከመሬት ሳላነሣው፣ እንደ በር የሰፋ ጎረምሳ ዘሎ መጣ። "እማማ! እኛ እያለን?" ብሎ ነጠቀኝ። ሌላ ጣሳ ስይዝ ሌላው ጎረምሳ ተነሥቶ ነጠቀኝ። ለአሰልጣኙ ከሰስኳቸው። "እናንተ ባለጌዎች፣ እናት ቆመው?" ብሎ ተቆጣና ወንበር አመጣልኝ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒት ሲበዛ ግን ይገድላል። ያን ቀን ጂሙ በሙሉ ለእኔ ሠራልኝ።

ማክሰኞ፣ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው መሃል ከተማ ሜዳ ሮጥኩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ። "እትዬ፣ ማን ነው?" ማንም አልሞተም አልኳት። ደብቀውኝ ነው ብላ አላመነችም። ሌሎች ተጨመሩ። ብቆም ሊያለቅሱ ነው፤ መቆም ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም!

ክብደቱን፣ እስከዚያው ባረፍኩባት የጓሮ ክፍል በሬን ዘግቼ በእናቴ መጅ ተለማመድኩ። የወፍጮ ድንጋይ ይሉኝታ የለውም።

ፋሲካ አለፈ። ዳዊት ከረባቱን አስሮ ቦኖው አጠገብ ቆመ። ጀሪካኑን አነሣሁ። ወዳጄ፣ አነሣሁት! ትንሽ እንደሄድኩ ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ሊቀበሉኝ ተሯሯጡ። ስዊድን ሬሳዬን ብሸከም ዞር ብሎ የሚያየኝ አልነበረም፤ እዚህ ደግሞ የሚተወኝ ጠፋ። "አትንኩኝ፣ ዳዊት ነው ያሸከመኝ" አልኳቸው። ዋሸሁ?

ዞሩበት። "አንተ! ከረባት አስረህ አክስትህን ታሸክማለህ? አባትህ በመቃብሩ ይገላበጣል!" ውርርድ ነው ቢል ማን ይስማው? ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሮጦ መጣና ጀሪካኑን ነጥቆኝ ተሸከመ።

በሩ ላይ አስቀምጦት፣ ተከትለውት የመጡት ሴቶች እያዩት ቁልፉን እያለከለከ ሰጠኝ።

"እስከ ቤት አልተሸከሙም እኮ" አለኝ።

"መች ተዋችሁኝ?"

ትንፋሹ አልመለስ ሲለው አሳዘነኝ። "ሰኞና ሐሙስ ክብደት፣ ማክሰኞና ዓርብ ሩጫ" አልኩት። "አይዞህ፣ አንተን ማንም አይነጥቅህም።"