የሊቀ ቅጠል ማንቆርቆሪያ

ማንም ሳይጠይቀው የሚያስተምር አዋቂ የሌለበት ሕንፃ እስካሁን አልተሠራም። አንዱ ስለ መኪና ሞተር ይሰብካል፣ ሌላው ስለ ኩላሊት። ለእኛ ሕንፃ የደረሱን የሻይ ሊቅ ናቸው። ከእኔ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት እኚህ ጡረታ የወጡ የመርከብ ሜካኒክ፣ እኔ በሆዴ «ሊቀ ቅጠል» የምላቸው ናቸው።

ሻይ ስል ስኳር የገባበት መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ያንን እሳቸው «ቀለም» ይሉታል። የእሳቸው ሻይ ፑኤር ነው፤ ቻይናዎች ጠፍጥፈው ለዓመታት የሚያስቀምጡት ቅጠል። በቢላ ጫፍ ፈልፍለው ያነሱና የፈላ ውሃ ያፈሱበታል። የመጀመሪያውን ውሃ ይደፉታል፤ «ፊቱን ይታጠብ» ብለው። ሁለተኛውን ከግማሽ እንቁላል በማትበልጥ ስኒ ይቀዱልሃል። ጠጥቼ አመስግኜ ልነሳ ስል «ቁጭ በል፣ ቅጠሉ ገና አፉን አልፈታም» ይሉኛል። ቅጠሉ አፉን እስኪፈታ እኔ ሆዴ ባሕር ይሆናል።

አራተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ አንዴ ሻይ ብትጋብዛቸው፣ አሽተት አድርገው «ይህ ውሃ ሁለት ጊዜ ፈልቷል» አሏት። ዳግመኛ አልጋበዘቻቸውም። ጥበቃው ሎሚ ሲጨምር አይተው ሰላምታ ነሱት። ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ኮቴያቸውን ሲሰማ ስልክ ይደወልለታል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ከሁሉ በላይ ግን ማንቆርቆሪያዋ ናት። ቡጢ የምታክል ሸክላ ናት፤ ሸክላው ሻይ ስለሚመጥ በሳሙና አትነካም፣ በሙቅ ውሃ ብቻ ትለቀለቃለች። «ባዶ ውሃ ብታፈስባት እንኳ ባለቤቴ የቀዳችው ይሸትሃል» ብለውኝ ያውቃሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል።

ባለፈው ሰሞን ሩቅ አገር የምትኖረው አንድ ልጃቸው መጣች። እኔም ተጠርቼ ስገባ እጅጌዋን ሰብስባ ወጥ ቤቱን ስታጸዳ ደረስኩ። ማንቆርቆሪያዋን በሳሙናና በሽቦ ፈትጋታለች።

«አባዬ፣ እንዴት እንደጠቆረች አላየሃትም? ይኸው፣ አዲስ አደረግኩልህ።»

ሊቀ ቅጠል ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት፤ ውስጧንም አሸተቱ። ከዚያ ቅጠሉን ጨምረው ቀዱልን። ሳሙና ሳሙና የሚል ሻይ ነበር። እሳቸው እስከ ጭላጩ ጠጥተው ስኒያቸውን ዘረጉላት።

«እጅሽ ይባረክ። ድገሚኝ» አሉ።

ልጅቷ በሄደች ማግስት ሳልጠራ አንኳኳሁ። ብቻቸውን ማንቆርቆሪያዋን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሳሙናውን የሚያስለቅቀው ሻይ ብቻ መሆኑን፣ ለዚያም ብዙ መጠጣት እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። የባለቤታቸው ሽታስ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እሱማ ሄደ» አሉ። ክዳኗን ገጥመው «ልጄ ግን መጥታለች፣ አይደል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ የማንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። እኔም ብሆን ቤቴ የሚጠብቀኝ የለም፤ ሬዲዮ የምከፍተው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነው። ቀድተው አሽትተው ይሰጡኛል፤ ምን ምን እንደሚል ይጠይቁኛል።

«ትንሽ ሳሙና አለው፣ ጋሼ» እላለሁ።

«እኔም እንደዛው መሰለኝ። ነገም ይቀረናል ማለት ነው» ይላሉ።

ሳሙናው ከለቀቀ ሰንብቷል። ሁለት ጊዜ የፈላን ውሃ አሽትተው የሚለዩ ሊቅ ይህን ሳቱት ብዬ አላምንም።